ከእኔ በፊት ስለሞቱት ወንድሞቼ ጠይቁኝ (ግልጽ ደብዳቤ)

ለጤና ሚኒስቴር
ለአዲስ አበባ ጤና ቢሮ
ሕፃናትን ለምታክሙና ለምትከትቡ ባለሙያዎች በሙሉ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ኢንፌክሽን ለሚደጋገምባቸው ልጆች የቤተሰብ ታሪክ እንዲጠየቅ ስለማሳሰብ

ጤና ይስጥልኝ።

የምኖረው ተክለ ሃይማኖት ነው። ለገሃር አጠገብ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ሂሳብ እይዛለሁ። የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ኳስ ይወዳል፤ ሽሮ ካገኘ ሌላ ወጥ አያይም። ሰውነቱ ግን ከተፈጠረ ጀምሮ ፀረ እንግዳ አካል አያመርትም። ባክቴሪያ ሲገባበት ለይቶ የሚይዝለት ዘበኛ የለውም ማለት ነው።

ይህን ያወቅነው ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሲሆነው ነው። ገና በሕፃንነቱ ሊታወቅ ይችል ነበር። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

በአገራችን ልጅ ከሞተበት በኋላ የወለደ ሰው የሚያወጣው ስም አለ። ካሳ፣ ምትኩ፣ ምትኬ፣ ማስረሻ፣ ይቆየኝ። የእኔም ስም ከእነዚህ ወገን ነው። እናቴ ከእኔ በፊት ሁለት ወንዶች ወልዳ ቀብራለች። የመጀመሪያው ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ሁለተኛው ሦስት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው። ከዚያ እኔ ተወለድኩ፤ ከእኔ በኋላ ታናሽ እህቴ። እኛ ሴቶቹ ደህና ነን። ሰፈሩ እናቴን «ወንድ አይበረክትላትም» ይላት ነበር። አንደኛውን ምች መታው አሉ። ሁለተኛውን የሰው ዓይን ነው አሉ። እናቴ የሁለቱንም ጆሮ መግል ስትጠርግ እንደነበር እስከ ዛሬ ታስታውሳለች። ያን ነገር ከምንም ጋር አያይዛ አታውቅም።

ልጄን ይዤ በሄድኩበት ሁሉ ካርድ ክፍል «የእናት ስም?» ይሉኛል። እናገራለሁ፤ ይጽፋሉ። «በማን ምትክ ነው?» ያለኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። መልሱ እዚያ ስሜ ውስጥ ነበር።

ነገሩን ላስረዳ። የልጄ ሕመም የተቀመጠው ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ አላት። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል፤ ስለዚህ ሳትታመም ትሸከመዋለች። ወንድ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚያገኘው ከእናቱ ነው። የተበላሸው ከደረሰው መጠባበቂያ የለውም። ተሸካሚ የሆነች እናት ከምትወልዳቸው ወንዶች እያንዳንዱ የመታመም ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። «ወንድ አይበረክትላትም» የሚለው የሰፈር ወሬ፣ ሳይታወቀው፣ የዘር ሕግ ይናገር ነበር። እንዲህ ሲባል የሰማ ባለሙያ ቀና ብሎ ቢጠይቅ፣ የእኔ ልጅ ሳንባው ሳይጎዳ ይደረስለት ነበር።

ልጄ እስከ ስድስት ወሩ ምንም አልሆነም። ይጠባል፣ ይስቃል፣ ይወፍራል። ለካ ይህም ምክንያት አለው። ሕፃን ሲወለድ በእንግዴ ልጁ በኩል ከእናቱ የተሰጠውን ፀረ እንግዳ አካል ሰንቆ ነው። ስንቁ በጥቂት ወራት ያልቃል። እስከዚያ ሌላው ሕፃን የራሱን ማምረት ጀምሯል። የእኔው ስንቁ ሲያልቅ ጓዳው ባዶ ሆነ።

በሰባት ወሩ ጆሮው መግል አፈሰሰ። አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ታዘዘ፤ ዳነ። በሦስተኛው ሳምንት ሌላኛው ጆሮ። ከዚያ የሳንባ ምች። ከዚያ ተቅማጥ፤ ጃርዲያ ተባለ፣ ሄደ፣ ተመለሰ። እንደገና ጆሮ። «ጥርስ እያወጣ ነው» ተባልኩ። «ብርድ ነው፣ በደንብ አልብሺው» ተባልኩ። አንድ ክሊኒክ ሳሉ ሲረዝም የቲቢ መድኃኒት ይጀምር አሉ።

የሂሳብ ሰው ነኝና ደብተር ከፈትኩ። በአንድ ገጽ አምስት ዓምድ አሰመርኩ፤ ቀን፣ ምን ታመመ፣ የት ሄድን፣ ምን ታዘዘ፣ ስንት ቀን ወሰደ። በአሥራ አምስት ወር ውስጥ ሰባት የጆሮ ሕመም፣ ሦስት የሳንባ ምች፣ ሁለት ጊዜ አልጋ ይዞ ሴፍትሪያክሶን የሚባል በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ። እያንዳንዱ ሐኪም ያየው አንዱን መስመር ነው። በዚያ መስመር ላይ አብዛኞቹ ትክክል ነበሩ። ጆሮውን አከሙ፤ ጆሮው ዳነ። ድምሩን ግን ከእኔ በቀር ያየ አልነበረም፤ እኔም ድምሩ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ደብተሩን አንዲት የሕፃናት ሐኪም ፊት ዘረጋሁት። ዝም ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ልጄን ጭኔ ላይ እንዳለ አፉን በእንጨት ከፍታ በባትሪ አየች። ደግማ አየች።

«ቶንሲሉን አስቆርጣችሁታል እንዴ?»

አብራኝ የነበረችው እናቴ ደነገጠች። «ኧረ የኔ ልጅ፣ ማንም አልነካውም! እንጥሉንም አላስነካንም።»

ሐኪሟ ባትሪውን አጠፋች። ይህን ያህል ጊዜ የታመመ ልጅ ቶንሲሉ ማበጥ ነበረበት አለችን። የሱ ግን ከነአካቴው የለም። ቶንሲል የተሞላው ፀረ እንግዳ አካል በሚያመርቱት ቢ ሴል በሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ነው፤ እነሱ ከሌሉ ቶንሲልም የለም። ከዚያ ወደ እናቴ ዞራ «እማማ፣ ከወለዷቸው ውስጥ በልጅነቱ የሞተ ወንድ አለ?» አለቻት።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ለሠላሳ ምናምን ዓመት ያልተጠየቀችው ጥያቄ ነበር።

ሐኪሟ ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነገር በጣም ቀላል ነው፤ ለዚህም ነው ለሁሉም እንዲዳረስ የምፈልገው። ቀድሞ የተሠራለትን የደም ምርመራ ወረቀት አወጣች። ጠቅላላ ፕሮቲን የሚል ቁጥር አለ፤ አልቡሚን የሚል ቁጥር አለ። አንዱን ከሌላው ቀነሰች። የሚተርፈው ግሎቡሊን ነው፤ ፀረ እንግዳ አካል የሚገኘውም እዚያ ውስጥ ነው። የልጄ ትርፍ ከልክ በታች ያነሰ ነበር። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ወራት ከርሟል። ከዚያ በኋላ አይጂጂ የሚባለው ዋናው የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት ተለካ፤ ምንም ያህል የለም። ቢ ሴልም የለም።

ሕመሙ አዲስ አይደለም። ኦግደን ብሩተን የሚባል አሜሪካዊ የጦር ሠራዊት ሐኪም ስለ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ የጻፈው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። ልጁ ደሙ በባክቴሪያ እየተመረዘ ደጋግሞ ይታመም ነበር። ብሩተን ደሙን ሲያስመረምር ጋማ ግሎቡሊን የሚባለው ክፍል ጨርሶ የለም። የጎደለውን ከሌላ ሰው ደም ወስዶ በየወሩ ከቆዳው ሥር ወጋለት፤ ልጁም ተሻለው። የተበላሸው ጂን በ1993 እ.ኤ.አ. ሲገኝ በብሩተን ስም ተጠራ። ሕክምናው በመሠረቱ ዛሬም ያው ነው፤ የጎደለውን መተካት።

ኢንፌክሽኑን እንዴት እንደምንይዝ ደግሞ ልናገር። እኔ ከልምድ የተማርኩት ነው፤ እናንተ ግን እያንዳንዱን ሲስተርና እያንዳንዱን ጤና መኮንን ልታስተምሩት ትችላላችሁ።

ልጄ ትኩሳት ሲጀምረው «እስከ ነገ እንየው» የለም። ሌላው ልጅ በሁለት ቀን የሚያሸንፈው ነገር እሱን በአንድ ሌሊት ይጥለዋል። አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ደም ለካልቸር ይወሰዳል፤ ተህዋሱ የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ በጭፍን መተኮስ ነውና። ካልቸሩ እስኪደርስ ግን ሕክምናው አይዘገይም። ሲጀመርም ከሌሎች ልጆች ረዘም ይላል። ባልና ሚስት ሆነን እስኪገባን ድረስ ስንት ጊዜ «ደህና ሆኗል» ብለን አቋርጠን ተጸጽተናል። የሚጠጣው ውኃ ይፈላል፤ ጃርዲያ አንዴ ከገባ እሱ ላይ ይሰነብታልና። ጠበል እንወስደዋለን፤ የንስሐ አባታችን ግን ነገሩን ስነግራቸው «ይረጭ፣ አይጠጣ» ብለው ተስማሙ። ጠዋት ጠዋት አፍንጫውን በጨው ውኃ እናጥባለን። ማታ ደረቱን ዘቅዝቀን ጀርባውን መታ መታ እናደርጋለን፤ አክታው እንዲወጣ። ይህ የመጨረሻው በቀኝ ሳንባው ታች ላይ ስለቀረው ጉዳት ነው። ሦስቱ የሳንባ ምቾች ትተውት የሄዱት ጠባሳ ነው፤ በራጅ አይቼዋለሁ። ይህ ጉዳት አይድንም።

አንድ ነገር በተለይ አደራ እላለሁ። በሦስት ዓመቱ ትኩሳት ይዞት አንድ ክሊኒክ ገባን። ደም ወስደው «ዊዳል ኔጌቲቭ ነው፣ ታይፎይድ የለበትም» አሉኝ። ዊዳል ተህዋሱን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነት በተህዋሱ ላይ ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ምንም የማያመርት ልጅ ታይፎይድ ኖረበትም አልኖረበትም የራሱ መልስ የለውም። ኢሚዩኖግሎቡሊን፣ ማለትም ከለጋሾች ደም የሚሠራውን የፀረ እንግዳ አካል መድኃኒት፣ መውሰድ ከጀመረ ደግሞ በደሙ የሚገኘው የለጋሾች ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ «ፖዘቲቭ» ቢል እንኳ የሌላ ሰው ታሪክ ሊሆን ይችላል። ፀረ እንግዳ አካልን የሚፈልግ የኤችአይቪ ምርመራም እንደዚሁ ያሳስታል፤ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው ፒሲአር ነው የሚያስተማምነው። ይህን አንድ አንቀጽ በየላቦራቶሪው ግድግዳ ብትለጥፉልን ምን ነበር!

ኤችአይቪን ካነሳሁ አይቀር፤ ሰፈር ውስጥ «የመከላከል አቅሙ ደካማ ነው» ስንል ሰው ወዲያው ወደዚያ ይሄዳል። የአንዲት ጓደኛዬ ልጅ ከእሱ ጋር በአንድ ኩባያ እንዳይጠጣ ተከልክሏል። የልጄ ሕመም ከማንም አልተጋባበትም፤ ወደማንም አይጋባም። የሚያሰጋው እሱ ለእናንተ አይደለም። የእናንተ ጉንፋን ነው ለእሱ የሚያሰጋው።

ወደ ክትባት ልምጣ። እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱብኝ እፈራለሁ። ልጆቻችሁን አስከትቡ። ሁሉንም ክትባት፣ በወቅቱ። የእኔ ልጅ ቢከተብም ፀረ እንግዳ አካል አያመርትም፤ የጎረቤት ልጆች መከተብ ግን እሱንም ይጠብቀዋል። ነገር ግን ሕያው ተህዋስን አዳክመው የሚሠሯቸው ጥቂት ክትባቶች ለእንደሱ ያሉ ልጆች አደገኛ ናቸው። በአፍ የሚንጠባጠበው የፖሊዮ ክትባት አንዱ ነው። ፀረ እንግዳ አካል በሌለው ልጅ አንጀት ውስጥ የተዳከመው ቫይረስ አይጠፋም፤ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ሊራባ፣ ተለውጦም ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ከዓይነ ምድር ጋርም ይወጣል። እንግዲህ ጉዳዩ የእኔ ልጅ ብቻ አይደለም። ፖሊዮን ከአገር ለማጥፋት የሚደክም ሁሉ እነዚህን ልጆች ማወቅ አለበት።

ዘመቻ ሲኖር ሁለት ወጣቶች የክትባት ሳጥን ተሸክመው ቤታችን ይመጣሉ። ትሑት ልጆች ናቸው። ልጄ አይንጠባጠብበትም ስላቸው ክትባት የምፈራ መስያቸው ይመክሩኛል። የሐኪም ወረቀት አውጥቼ አሳያለሁ። አንዷ «እንዲህ ዓይነት ነገር እንዳለ ዛሬ ገና ሰማሁ» አለችኝ። በክትባት ካርዱ ላይ «ሕያው ክትባት አይሰጠው» የሚል ማኅተም ቢኖር እሷም አትቸገርም፣ እኔም።

የእኔን ልጅ አብዝቼ አወራሁ፤ የማውቀው እሱን ነው። ግን በዘር የሚመጡ የመከላከል አቅም ጉድለቶች ከ450 ይበልጣሉ። አንዳንዱ ሕፃን ተህዋስ ገዳይ ሴሎቹ ተህዋሱን ይውጡታል እንጂ ሊገድሉት አይችሉም። እንዲህ ያለው ልጅ ጉበቱ ላይ፣ ንፍፊቱ ላይ መግል ይቋጥራል፤ በሻጋታም ይታመማል። እሱን በየቀኑ ኮትሪሞክሳዞልና የሻጋታ መድኃኒት ብዙ ይጠብቁታል። ኮትሪሞክሳዞል በኤችአይቪ ክትትል ለዓመታት የተጠቀማችሁበት ርካሽ ክኒን ነው። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ሁለቱም የመከላከያ ክንፎቹ፣ ቢ ሴልም ቲ ሴል የሚባለው ሌላው ነጭ የደም ሴልም፣ የማይሠሩለት ሕፃን ነው። የመቅኔ ንቅለ ተከላ ካላገኘ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት አይደፍንም። ለእነዚህ ለሁለቱ ሲወለዱ ክንድ ላይ የሚወጋው የቢሲጂ ክትባት ራሱ መላ ሰውነት ሊዛመት ይችላል። ብብቱ ሥር አብጦ መግል የያዘ፣ አፉ ነጭ ሆኖ አልለቅ ያለው፣ የማይወፍር ሕፃን ስታዩ ሲቢሲው (የደም ሴል ቆጠራው) ላይ ሊምፎሳይት የሚለውን የነጭ ደም ሴል መስመር እባካችሁ እዩ። ወረቀቱ እጃችሁ ላይ ነው።

አሁን ስለ መድኃኒቱ። ልጄ 20 ኪሎ ነው። በኪሎ ግማሽ ግራም ሲታሰብ በየአራት ሳምንቱ 10 ግራም ኢሚዩኖግሎቡሊን ያስፈልገዋል፤ ባለ 5 ግራም ሁለት ጠርሙስ። ከገባው ውስጥ ግማሹ በሦስት ሳምንት ገደማ ያልቃል፤ ስለዚህ ወር ሲዘልል ልጁ ራቁቱን ነው። አንዳንድ ወር በብላክ ላየን ዙሪያ ያሉትን ፋርማሲዎች ሁሉ ዳር እስከ ዳር አዳርሼ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ፈልጌ፣ በበረዶ ጠቅልሎ እንዲያመጣ ለምኛለሁ። መብራት በጠፋ ሌሊት ፍሪጁን እንዳይከፍቱ ቤተሰቡን ሁሉ ስቆጣ አድሬያለሁ፤ የሁለት ወር ደሞዜ እዚያ ውስጥ ነው።

ያገኘን ቀን ግን ሌላ ነው። ጠርሙሱ ከቅዝቃዜው እስኪለቅ እጄ ላይ እይዘዋለሁ። ሲስተሯ ካኑላውን ታስገባና ጠብታውን በጣም በዝግታ ትጀምራለች፤ ከዚያ ሙቀቱን እየለካች ትጨምራለች። አራት ሰዓት ያህል እንቀመጣለን። ልጄ ጠርሙሱን እያየ «ይሄ የስንት ሰው ነው?» ይለኛል። ከሺህ ሰው በላይ የሰጠው ፕላዝማ ተቀላቅሎ ነው የሚሠራው አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሲጨርስ ጠርሙሱን «አመሰግናለሁ» ይለዋል።

ይህ መድኃኒት በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ ነው፤ የተመዘገበውም ለእነዚሁ ሕሙማን ጭምር ነው። የማይቋረጥ ግዢ ይኑረው። ሕሙማኑ ጥቂት ናቸው ከተባለ፣ የሚመረምር ስለሌለ ጥቂት መሰልን እላለሁ። የአይጂጂ ምርመራ በመንግሥት ሆስፒታል ይገኝ። ለኤችአይቪ ሕሙማን ሲዲ4 የሚባለው ነጭ የደም ሴል ሲቆጠርበት የኖረው ዓይነት ቴክኖሎጂ፣ ተገቢው ኬሚካል ከተገዛለት፣ ቢ ሴልንም ይቆጥራል። ሙያተኛው አለ፤ ለዓመታት ሲቆጥር ኖሯል።

ከሁሉ የማስቀድመው ግን ገንዘብ የማይጠይቀውን ነው። በሕፃናት ካርድ ላይ ሁለት መስመር ጨምሩልን። አንዱ፣ ልጁ በዚህ ዓመት ስንት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወሰደ የሚል። ሁለተኛው፣ በእናት ወገን በልጅነቱ የሞተ ወንድ አለ ወይ የሚል። በዓመት ሁለት ጊዜ የሳንባ ምች የያዘው፣ አራት ጊዜ ጆሮው የታመመ፣ ሁለት ወር አንቲባዮቲክ ወስዶ ያልተሻለው ልጅ ሲገኝ፣ ከሌላ ሽሮፕ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠየቅ።

ታናሽ እህቴ አራት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እሷም ተሸካሚ ልትሆን ትችላለች። ወንድ ከሆነ በተወለደበት ቀን ፖሊዮ አይንጠባጠብበትም፣ ቢሲጂውም ሐኪም ሳያየው አይሰጠውም ብለን ተነጋግረናል። አይጂጂ ቢለካለት የሚታየው የእናቱ ስለሆነ ቢ ሴሉ ይቆጠርለታል። ሰኞ የመጀመሪያ ክትትሏን ካርድ ልታወጣ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ስለ ሁለቱ ወንድሞቻችንና ስለ ልጄ ሳትጠየቅም እንድትናገር ነግሬያታለሁ። ስትናገር የሚጻፍበት ቦታ ካርዱ ላይ ይኑር።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ ልጅ እናት፣ ተክለ ሃይማኖት